ወደ ውስጥ የሚባል አዎ

እኛ አገር ሰው «አዎ» ለማለት አፉን መክፈት አያስፈልገውም። ትንፋሹን አጠር አድርጎ ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል፣ አለቀ። የውጭ ሰው ሲያየን የደነገጥን ይመስለዋል አሉ። እኔ ራሴ ዕድሜዬን ሙሉ ስተነፍሰው ኖሬ ነገሩን ልብ ያልኩት ጋሽ ኣምባዬ ከታመሙ በኋላ ነው።

ጋሽ ኣምባዬ የጓደኛዬ የወለተሃና ባል ናቸው። ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የእኔ በር ከእነሱ በር ፊት ለፊት ነው። አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ከምድር ቤት ጀምረው ያገኙትን ሁሉ እያወሩ ደረጃውን የሚወጡ ሰው ነበሩ። መምጣታቸውን ከእግራቸው በፊት ሳቃቸው ይነግረን ነበር። ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታቸውና ንግግራቸውንና ቀኝ ጎናቸውን ወሰደው። እግራቸው ትንሽ ትንሽ ተመልሶ አሁን በከዘራ ከወንበራቸው እስከ በሩ ይደርሳሉ። መጻፉ፣ ስልክ መነካካቱ አይሆንላቸውም፤ ጣታቸው ሌላ ቦታ ያርፋል። ከቃል ሁሉ የተረፈቻቸው ያቺ ወደ ውስጥ የምትባለው «አዎ» ብቻ ናት።

ወለተሃና በዚያች አንዲት ትንፋሽ ቤቷን ታስተዳድራለች። «ሻይ ላምጣልህ?» ትላለች። ሳብ ካደረጉ ይፈልጋሉ፤ ዝም ካሉ አይፈልጉም። ሐኪም ሲጠይቃቸውም፣ ጠያቂ ሲመጣም እሷ ከጎን ሆና «አዎ ይላል» እያለች ታሰማላቸዋለች። ልማድ ሆኖባት ከእኔ በቀር ሌላ ሰው በሌለበት እሳቸው ሲተነፍሱ እንኳ «አዎ» ትላለች፣ ማለቷን ግን አታውቀውም። «አንቺ አስተርጓሚ» እያልኩ አሾፍባታለሁ።

እሷ በሙያዋ ጸሐፊ ናት። ሁለታችንም የምንሠራው ተስፋሚካኤል የሚባል ሰው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው፤ እሷ ማመልከቻ ትተይባለች፣ እኔ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። ድሮ እዚሁ ልደታ ፍርድ ቤቱ ጎን ነበርን፣ አሁን ሜክሲኮ ገብተናል። ባለጉዳይ እያለቀሰና እየተሳደበ፣ ታሪኩን ከመሃሉ ጀምሮ ሲያወራ እሷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትሰማና መልክ ታስይዝለታለች። ባሏ ከታመሙ ወዲህ ግን ወንበሯ ባዶ ነበር። ተስፋሚካኤል ክፉ ሰው አይደለም፤ ቢሆንም አንድ ቀን ጠራኝና «ዙሃራ፣ እስከ ሰኞ ካልተመለሰች ሌላ ጸሐፊ ማስገባቴ ነው። አንቺው ንገሪያት» አለኝ። ነገርኳት። እሷም «እዚህ ቤት ውስጥ እኮ እኔም ንግግር እየረሳሁ ነው» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ሥራውን የፈለገችው ለደመወዙ ብቻ እንዳልሆነ ያን ቀን ገባኝ። ሰው መሃል መሆን ናፍቋት ነበር። እሳቸውን ብቻቸውን ጥሎ መውጣት ደግሞ እንዴት ይሆናል?

መላ አመጣሁ ያለችው ልጃቸው ሚለን ናት፤ አያት ሰፈር የምትኖር የባንክ ሠራተኛ። ቅዳሜ ከሰዓት አማርኛ ይሰማል፣ በአማርኛ ይመልሳል የተባለ ስልክ ይዛ መጣች። እኔ ስልክ ሲያወራ አልወድም። ከዚህ በፊት የነበረውን እናውቀዋለን፤ ከእንግሊዝኛ በቀር አይሰማም፣ የእኛን እንግሊዝኛ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው ብሎ አይቆጥረውም። ይኼኛው ግን አማርኛ ያውቃል ተባለና የፎቁ ሰው ሁሉ ሊያይ ተሰበሰበ።

«እማዬ፣ አናግሪው» አለች ሚለን።

ወለተሃና እንደ ባለጉዳይ ጉሮሮዋን ጠረገችና ጎንበስ ብላ «እንደምን ዋልክ?» አለችው።

«ደህና ነኝ። ምን ልርዳህ?» አላት።

«ሴትነቴንም ሽበቴንም በአንድ ቃል ገፈፈኝ» አለች። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ጋሽ ኣምባዬ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር። እውነቱን ለመናገር ለዚያ ስልክ ልባችንን የከፈትንለት ለዚያች ሳቅ ብለን ነው።

ሚለን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ አንቺ ማለቱንም ይለምዳል» ብላ አሠራሩን አስረዳችን። ስልኩ ከወንበራቸው አጠገብ ይቀመጣል። በየጊዜው «ደህና ነህ?» እያለ ይጠይቃቸዋል። «አዎ» ሲሉ ከሰማ ለእናቷ ስልክ «ደህና ነው» የሚል መልእክት ይልካል፤ ካልሰማ «መልስ የለም» ይላል። ወለተሃና ከፈለገች ደግሞ ከሥራ ቦታዋ ትደውላለች፣ ስልኩ ራሱ ይነሳል።

«ያልተናገረ ሰውም ይሰማል?» አልኳት እኔ።

«እትዬ ዙሃራ፣ እንሞክረዋ» አለች።

ሞከርነው። ስልኩ «ደህና ነህ?» አለ። ጋሽ ኣምባዬ ትንፋሻቸውን ሳብ አደረጉ። ወለተሃና ከጎናቸው ሆና «አዎ» አለች፣ እንደ ልማዷ። ስልኩ «እሺ፣ መልስህን ተቀብያለሁ» አለና ወዲያው የእሷ ስልክ ጮኸ፤ «ደህና ነው» ይላል። ደግመን ሞከርን፣ እንደዚያው ሆነ። ጎረቤቱ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ያን ሁሉ ሰው አንድ ላይ ምን እንዳደነቆረን እስካሁን ይገርመኛል።

ሰኞ ጠዋት ወለተሃና ቀሚሷን ተኩሳ፣ ምሳቸውን አጠገባቸው አድርጋ ተነሳች። «ልሂድ?» አለቻቸው። ሳብ አደረጉ። «ሂጂ አለኝ» ብላ ወደ እኔ ስትዞር ፊቷ እንደ ልጅ ፊት በርቶ ነበር። ከወጣን በኋላ ግን የብረቱን በር ከውጭ ቆለፈችው።

«መቆለፉ ምን ያደርጋል?» አልኳት።

«ደረጃ ልውረድ ቢልስ?» አለች። ቁልፉ ያለው እሷና ሚለን ጋ ብቻ ነው። እኔም ነገሩን አልገፋሁበትም።

ጽሕፈት ቤቱ ስንደርስ ተስፋሚካኤል ተነስቶ እጇን ጨበጠ። ብዙም ሳትቆይ አንድ የቤት ኪራይ ክርክር ያለበት ሰው አጠገቧ ተቀምጦ ማውራት ጀመረ፤ ጣቶቿም ፊደሉን ሳይረሱ ቀጠሉ። ደስ እያለኝ ወረቀት እየሞላሁ ሳለ ስልኳ ጮኸ። አየችው። መተየቧን አቆመች።

«መልስ የለም» ይላል።

«እንቅልፍ ወስዷቸው ይሆናል» አልኳት።

«ይሆናል» አለች። ሰውየው ስለ አከራዩ ማውራቱን ቀጠለ፤ እሷ ግን ዓይኗ ስልኩ ላይ ቀረ። እንደገና ጮኸ። «መልስ የለም።» ያኔ ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጋ እኔም እንድሰማ ወደ ጆሮዬ አስጠጋችው።

«ኣምባዬ? ትሰማኛለህ? ኣምባዬ፣ እኔ ነኝ።»

ምንም የለም። ስልኩ ተነስቷል፣ ቤቱ ግን ጭጭ ብሏል። እሷ ትንፋሿን ውጣ ያንን «አዎ» ጠበቀች። እኔም ጠበቅኩ። የመንገዱ መኪና ሁሉ የሚጮኸው ሆን ብሎ እኛን ለማደንቆር መሰለኝ።

«ትንፋሹ የለም፣ ዙሃራ» አለችኝ።

ለሚለን ደወልኩ፣ ዝግ ነው። ለግቢው ጥበቃ ለሞቱማ ደወልኩ። ደግ ሰው ነው፣ እየሮጠ ሲወጣ እርምጃው ይሰማኝ ነበር። በሩን ሲደበድብ፣ «ጋሼ! ጋሽ ኣምባዬ!» ሲል ሰማሁት። ከዚያ «እትዬ፣ መልስ የሚሰጥ የለም። በሩ ብረት ነው፣ በትከሻ አይሆንልኝም። ቁልፍ ማን ጋ አለ?» አለኝ። ቁልፉ ወለተሃና መዳፍ ውስጥ ነበር።

ባለጉዳዩን ከነአከራዩ ትተነው ወጣን። ሜክሲኮ የታክሲው ሰልፍ አደባባዩን ሊዞር ምንም አልቀረው፤ ሰው የጫነውም ታክሲ ቆሟል። መንገዱን በእግራችን ተያያዝነው። ወለተሃና ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ ስትወጣ እንኳ ሁለቴ ታርፋለች። ያን ቀን ግን ከኋላዋ ሆኜ ላገኛት አልቻልኩም። ነጠላዋ ወድቆ እየጎተተችው ነበር፤ አንስቼ በትከሻዬ ያዝኩላት። «ልደታ እናቴ፣ ልደታ እናቴ» ትላለች። እኔም በልቤ ያ አላህ እላለሁ። መሃል መንገድ ላይ ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«ዝጊው» አልኳት ተናድጄ። «ዝጊው፣ ምን ያደርግልሻል?»

«አሁን መልሶ ቢሆንስ?» ብላ አየችው። አልመለሰም።

ያኔ ያልተሳደብኩት የለም። ስልኩን ሰደብኩ፣ ሚለንን ሰደብኩ፣ ቅዳሜ ያጨበጨቡ እጆቼን ሰደብኩ። እሳቸው ወድቀው፣ ከበሩ ወዲያ ወለሉ ላይ ተዘርግተው ይታዩኛል። ቆልፈን ገደልናቸው ብዬ አሰብኩ። ለእሷ ግን አልነገርኳትም፤ መንገር እንደማያስፈልጋት ከአረማመዷ ያስታውቃል።

አራተኛ ፎቅ ስንደርስ ሞቱማ ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ ቆሟል። ወለተሃና ቁልፉን ቀዳዳው ውስጥ ማስገባት አቃታት። ቀምቻት ከፈትኩት።

ጋሽ ኣምባዬ ከበሩ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር። በሕይወት አሉ። ሸሚዛቸው በላብ ከሰውነታቸው ተጣብቋል። የበሩ እጀታ ከውስጥ በኩል በእጃቸው ላብ ወዝቷል። ወለተሃና አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

በዚህ መሃል ስልኩ ከጠረጴዛው ላይ «ደህና ነህ?» አለ።

እሳቸው ወደ ስልኩ ዞረው ደረታቸው እስኪነሳ ድረስ ትንፋሻቸውን ሳቡ። ደረጃው ላይ ያለው ሞቱማ ሳይቀር ሰማ።

«አልሰማሁህም። እባክህ ድገመው» አለ ስልኩ።

ደገሙት።

«መልስ የለም» አለና የወለተሃና ስልክ መዳፏ ውስጥ ጮኸ።

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ቅዳሜ ስልኩ የሰማው እሷን ነበር። የእሳቸውን «አዎ» አንድም ቀን አልሰማትም። ሚለን ኋላ ስትነግረን ስልክ ትንፋሽን እንደ ነፋስ ቆጥሮ ያጣራዋል አለች፤ ለካ ስንደውልም ያጠፋብን እሱ ነው። እሳቸው ግን ከጠዋት ጀምሮ ለጠየቃቸው ሁሉ ሲመልሱ ነበር፤ ለስልኩም፣ ለሚስታቸውም፣ በር ለሚደበድበው ሞቱማም፤ ትንፋሽ የብረት በር አያልፍም እንጂ።

ስልኩን አጠፋሁት። ወለተሃና እሳቸውን ወንበራቸው ላይ አስቀምጣ እግራቸው ሥር ተቀመጠች።

«ደህና ነህ?» አለቻቸው።

ዝም።

«ውሃ ላምጣልህ?»

ዝም። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ውሃ እንደጠማቸው ማንም ያያል። ከንፈራቸውን ገጥመው ያዩዋታል እንጂ አይተነፍሱም። መንገድ ላይ ያልፈራሁትን ፍርሃት ያኔ ፈራሁ። ያቺ አንዲት ቃልም ሄደች፣ ማንም ስላልሰማት እሳቸውም ተዋት አልኩ በልቤ። ወለተሃናም ይኸው እንደታያት ከዓይኗ አወቅኩ።

«ተቆጥተኸኛል?» አለች ቀስ ብላ።

ከዚያ አጭር፣ ስለታም ትንፋሽ ሳብ አደረጉ።

እሷ እንባዋ መጣ። «በስልኩ ነው?»

ዝም አሉ። ዓይናቸው ግን ከእሷ አልፎ ወደ በሩ ሄደ። ወለተሃና ዓይናቸውን ተከትላ ዞረች። ቁልፉ ከውጭ በኩል እንደተሰካ ተንጠልጥሏል። ብዙ አየችው።

«ስለቆለፍኩብህ?» አለች።

ሳብ አደረጉ። ሳያቋርጡ ደግመው ሳብ አደረጉ፣ ደግመውም፤ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ። ያን ያህል ረጅም ንግግር ከታመሙ ወዲህ ከእሳቸው ሰምቼ አላውቅም። ወለተሃና አላስተረጎመችም። ግድግዳውን ይዛ ተነሳች፣ ቁልፉን ከበሩ ነቅላ መጣችና በግራ እጃቸው መዳፍ ውስጥ አስቀምጣ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው።

«ነገም ልሂድ?» አለች።

እሳቸው ቁልፉን ጨበጥ አድርገው ቆዩ። ከዚያ ትንፋሻቸውን ሳቡ።