የሜትር ምልክት

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ቁልፍ መትከል ነበር። ቤቱ ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ የጋሽ ተሰማ ልብስ ስፌት ቤት ነው። ጋሽ ተሰማ ባለቤትም ቆራጭም ነበሩ። ከእሳቸው ቀጥሎ ኮት ሰፊ፣ ከዚያ ሱሪ ሰፊ፣ ከዚያ ካውያ የያዘው ተኳሽ ይመጣል። ቁልፍ ተካይ ከሁሉም በታች ነው። የተከልኩትን የመጀመሪያ ቁልፍ ሳሳያቸው ሳብ አደረጉትና እጃቸው ላይ ቀረ።

“ይኼ ቁልፍ እንግዳ ነው እንዴ፣ ሻይ ጠጥቶ የሚሄደው?” አሉኝ።

ቤቱ በሙሉ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ የተከልኩት ቁልፍ ግን ጨርቁ ይቀደዳል እንጂ እሱ አይነቀልም።

ያን ዕለት ዓይኔ ያረፈው ጋሽ ተሰማ አንገት ላይ ነው። ሜትራቸው ከአንገታቸው አይወርድም፤ ከሥሩ ደግሞ ቆዳቸው ጠቁሮ ወፈር ብሏል። ኮት ሰፊውን ዘውዴን ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። በዕድሜ እኩያዬ ነው፤ ሥራውን ግን ቀድሞኝ ጀምሯል።

“የሜትር ምልክት ነው። ቆራጭ ስትሆን ይወጣልሃል። ማዕረግ ነው በለው” አለኝ።

ቀናሁ፤ እውነቴን ነው። ያን ምልክት ተመኘሁት።

ጋሽ ተሰማ ሁለት ነገር አስተማሩኝ። አንደኛው፣ ሱሪ ሲቆረጥ ከኋላው ስፌት ውስጥ ሦስት ጣት ትርፍ ጨርቅ መተው ነው። “ሰው እያደር ይደላዋል፤ ያን ጊዜ የምንለቅለት ይኑረን” ይሉ ነበር። ሁለተኛው፣ የደንበኛን ወገብ ጮክ ብሎ አለመናገር። አንድ ኃላፊ ሱሪው ጠበበኝ ብሎ ሲመጣ፣ “ጌታዬ፣ የዘንድሮ ሱፍ ውኃ አይችልም፤ ተሰበሰበ” አሉት። ሰውዬው ደስ ብሎት ሄደ። እኛ ቤት ጨርቅ ይሰበሰባል እንጂ ደንበኛ አይወፍርም።

የእሳቸውንም ሱሪ እየተረተርን እናሰፋ ነበር። ቦርጫቸውን እንደ ድሎት ነበር የምናየው። በኋላ እግራቸው አበጠ፣ ጫማ እምቢ አላቸው። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ኩላሊታቸው ደክሟል ተባለ። ለእጥበት ተኝተው ልጠይቃቸው ስሄድ፣ “ስኳሩም ግፊቱም ለዓመታት አብሮኝ ኖሯል አሉ። ምንም አላመመኝም እኮ!” አሉኝ። እንደተገረሙ ሞቱ። እንደ አባት አለቀስኩላቸው።

ያን ጊዜ ቆራጭ ሆኜ ስለነበር ቤቱን እኔ ተረከብኩ። ፒያሳ ያለው ሲፈርስ ከዘውዴ ጋር ወደ አምስት ኪሎ ተዛወርን። እስከዚያ ድረስ ምልክቱ እኔም አንገት ላይ ወጥቷል። መስታወት ፊት ዞር ብዬ ሳየው ደስ ይለኝ ነበር፤ ቆራጭነቴ ተመሰከረልኝ።

ሲስተር ሮማን የቆየች ደንበኛዬ ናት፤ ነርስ ነች። አንድ ቀን ጋዋኗን ለብሳ ልትሞክር፣ ለፕሮቫ መጣች። ጠርዙን በጠመኔ ላሰምር ጎንበስ ስል ከላይ ሆና አንገቴን አየች።

“ጋሼ፣ አንገትዎ ላይ ያለው ጥቁረት ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“እሱማ የሜትር ምልክት ነው። ስንት ዘመን ተሸክሜው!”

“ሜትር አንገት አያጠቁርም። ብብትዎስ እንዲህ ነው?”

ብብቴም እንደዚያው ነበር፤ ብብቴ ውስጥ ደግሞ ሜትር አንጠልጥዬ አላውቅም።

ሜትሩን ከአንገቴ መዝዛ ወገቤን ልትለካ ተጠጋች። ሆዴን ወደ ውስጥ ሳብኩ። “ይተንፍሱ እንጂ ጋሼ” አለችኝ። ይህን ቃል ለደንበኛ የምለው እኔ ነኝ። ተነፈስኩ። ቁጥሩን ጮክ ብላ ተናገረችው። ዘውዴ የስፌት መኪናውን አቁሞ ሰማ። የለበስኩት ሱሪ ወገቡ ላስቲክ ነው፤ ራሴ ነኝ የሰፋሁት፣ እንዳይጠበኝ ብዬ።

“እንዲህ ዓይነት ጥቁረት ብዙ ጊዜ ሰውነት ስኳርን ለሚቆጣጠረው ኢንሱሊን አልታዘዝ ሲል የሚመጣ ነው። ነገ በባዶ ሆድዎ እኔ ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ ይምጡ። ሳይቃጠል በቅጠል” አለችኝ።

ያን ቀን ሌላ ጨርቅ አልቆረጥኩም። የጋሽ ተሰማ አንገት ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ማዕረግ ብዬ የቀናሁበት በሽታቸው ኖሯል። ፈራሁ።

ደምና ሽንት ሰጠሁ፣ ግፊት ተለካሁ። ውጤቱ ሲመጣ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “ኩላሊቴስ?”

“ኩላሊትዎ ደህና ነው” አለኝ ሐኪሙ። “ግፊትዎ ግን ከፍ ብሏል። ስኳርዎም ከልኩ አልፏል፤ በሽታ የሚባለው ላይ ገና አልደረሰም። ቆሽትዎ ኢንሱሊን ያመርታል፣ ሰውነትዎ አልሰማ ብሎታል። ስለዚህ ትርፍ ሰዓት እየሠራ ነው።”

“የፋሲካ ሰሞን ልብስ ሰፊ ሆኗላ!”

ሳቀ። “ልክ ነዎት። ዝም ካሉት ይደክማል። ልብንና ኩላሊትንም ይጎዳል።”

ኩላሊቴ ደህና ነው ሲለኝ እንባዬ መጥቶ ነበር፤ አላፈርኩበትም።

የግፊት ኪኒን ጀመርኩ። ሻይ ያለ ስኳር፣ ምሳ ልክ ባለው ሰሃን ሆነ። ቤቴ እሪ በከንቱ ሰፈር ነው፤ በታክሲ የምመጣውን በእግሬ አደረግሁት። የመጀመሪያ ቀን አቀበቱ ላይ ትንፋሼ ሲቆረጥ፣ ለማረፍ ብዬ የማላውቀውን ሰው ሁሉ ቆሜ ሰላም አልኩ። አሁን እየሰገርኩ አልፋቸዋለሁ። ላስቲኩን ተርትሬ ጥዬ ለራሴ ቁልፍ ያለው ሱሪ ሰፋሁ። ሦስት ጣቱን ትርፍ ለእኔ አልተውኩም።

በቀደም ዘውዴ ኮት ላይ አቀርቅሮ ሲሠራ ሜትሩን ከአንገቱ አነሳሁት። ከሥሩ ጠቁሯል።

“ብብትህን አሳየኝ” አልኩት።

“ምን ሆነሃል ሰውዬ? ማዕረጌ ነው!” ብሎ ሳቀ። ክንዱን አንስቶ ካየ በኋላ ግን አልሳቀም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሁለታችንም ቁርስ ሳንቀምስ፣ ሲስተር ሮማን ዘንድ ይዤው ሄድኩ።

ሜትሩ ዛሬም አንገቴ ላይ ነው፤ ጥቁረቱ ግን እየደበዘዘ ነው። አንገቱ የጠቆረ ልብስ ሰፊ ሜትሩን አያማ። ወገቡን ይለካበት፤ ከዚያ ሄዶ ይመርመር።