መተንፈሻ ያልነበረው በርሜል

ልጅ ሳለሁ ተረት የምንሰማው ሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ በተከራየነው ግቢ ውስጥ፣ አባቴ ሥጋ በጭስ ከሚያበስልበት በርሜል አጠገብ ተቀምጠን ነበር። ተራኪው ከገጠር መጥተው አብረውን የሚኖሩት አያቴ፣ የአባቴ አባት ናቸው። በሲዳምኛ ይጀምሩና ጥቂት ሄደው ለእኔ ሲሉ ወደ አማርኛ ይመልሱታል። እኔ ግን በአንድ ጆሮዬ ተረቱን፣ በሌላው አባቴን ነበር የምሰማው። አባቴ አይቀመጥም ነበር፤ በተለይ ያን ሳምንት።

ምግብ ያበስልበት የነበረው ሆቴል ወጥ ቤቱን ከዘጋ ወዲህ አባቴ ሥራ ፈትቶ ከርሟል። ሐይቅ ዳር ያለ የሌላ ሆቴል ሼፍ ስለ ሥጋው ሰምቶ «ቅዳሜ መጥቼ እቀምሳለሁ» ብሎታል። ካልጣመው አባቴ ሞያሌ ወርዶ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ ሊያበስል ነው። ይህን ለእናቴ ሲነግራት ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ሰማሁ። ያኔ ሞያሌ የት እንደሆነ አላውቅም፤ እናቴ «በዓመት ስንቴ ትመጣለህ?» ስትለው ግን ሩቅ መሆኑን ገመትኩ።

በርሜሉ አስቸጋሪ ነበር። ሥጋው ከላይ በሽቦ ይሰቀላል፤ የግራር እሳቱ ከታች፣ በግራ በኩል ባለችው ትንሽ በር ይገባል። የግራው ሥጋ ሲያር የቀኙ ከላዩ ይጠቁርና ውስጡ ደም ይሆናል፤ ሲቀምሱት ይመራል። አባቴ በየጊዜው ክዳኑን ከፍቶ የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ያዛውራል። በከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ያመልጣል፣ እሳቱ ይነሳል፣ እንደገና ይዘጋል። ጭስ የሚወጣበትን ስንጥቅ ሁሉ ደግሞ በጭቃና በኮባ ይደፍናል። በዚህ በዚህ አያቴና አባቴ ይስማማሉ። «ጭሱ ከሄደ ሥጋው ምን ሊጠጣ ነው?» ይላሉ አያቴ።

ሐሙስ ምሽት አያቴ የጅቡን ተረት ያዙ። የበረንዳው አምፖል በጭሱ ውስጥ ደብዝዟል፤ ፍሙ በትንሿ በር ስንጥቅ ይቀላል፤ እኔ ዓይኔን እያሸሁ አባቴን አያለሁ።

«ጅቡ ኮረብታ ላይ ቆመ» አሉ አያቴ። «ሥጋ የተሰቀለበት ቤት የቱ ይሆን ብሎ ቁልቁል ያያል። የቤቱ ሁሉ ጣሪያ ይጨሳል...»

«በየት በኩል ነው የሚጨሰው፣ አባባ?» አለ አባቴ ጀርባውን እንደሰጠን።

«በየት ማለት?»

«ጭሱ መውጫው የት ነው? የእኛ የገጠሩ ቤት መስኮት እንኳ አልነበረውም።»

«በሁሉም በኩል ነዋ! ሣር አይደለም እንዴ? የሣር ቤት ይተነፍሳል። እዚያው አድገህ ረሳኸው?»

አባቴ በርሜሉን አንድ ጊዜ ዞረው። ከዚያ በእጁ የያዘውን ጭቃ መሬት ላይ ጣለና መሮ ፍለጋ ወደ ቤት ገባ።

«ይኸው ሄደ!» አሉ አያቴ ወደ እኔ ዞረው። «ጅቡ እንኳ ተርቦ ቆሟል፤ አባትሽ ግን መቆም አልቻለም።»

ነገሩን ካደግኩ በኋላ ራሱን አባቴን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ሥጋን በጭስ ማቆየት የተማረው በሣር ቤት ውስጥ፣ ሥጋው ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ እያየ ነው። እዚያ ለጭስ መውጫ የሚሠራ ሰው የለም፤ ጣሪያው በሙሉ መውጫ ነው። ብረት ግን አይተነፍስም። መሄጃ ያጣው ጭስ በቀኝ በኩል ተኝቶ ሥጋውን መራራ ያደርገዋል፤ የሚስበው አየር ስለሌለም ሙቀቱ ከእሳቱ በላይ ብቻ ይቆማል።

በማግስቱ ጭቃውን አራገፈ። በርሜሉን በቀኝ በኩል ከላይ በስቶ የቆርቆሮ ቱቦ ተከለበት። ነበልባሉ ሥጋውን በቀጥታ እንዳይመታው ደግሞ ብዙ ቦታ የተበሳ ላሜራ ከእሳቱ በላይ አጋደመ። መጀመሪያ እሳቱ አየር አገኘና አጓራ። እናቴ ከቤት ብቅ ብላ «በርሜሉን ልታበረው ነው እንዴ?» አለችው። የታችኛዋን በር በጣሳ ክዳን ግማሽ ድረስ ሲሸፍናት ድምፁ በረደ፤ ከቱቦው ይትጎለጎል የነበረው ነጭ ጭስም ሳስቶ ወደ ሰማያዊ ተለወጠ።

«ነይ ንኪው» አለኝ። «አይ፣ እንዳትነኪ! እጅሽን አስጠጊ ብቻ።»

በግራ አስጠጋሁ፤ በቀኝ አስጠጋሁ። ሙቀቱ አንድ ነበር። አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ እጆቹ ሥራ አጥተው ጉልበቱ ላይ አረፉ።

«እሺ አባባ፣ ጅቡስ?»

«የቱ ጅብ? ያ በረሃብ ሞተ» አሉ አያቴ ተቀይመው፤ ከዚያ ግን ከመጀመሪያው ጀመሩለት። አባቴ ተረት ቁጭ ብሎ ሲሰማ ያየሁት ያን ምሽት ብቻ ነው።

ቅዳሜ ሼፉ መጣ። ከግራ አንድ፣ ከቀኝ አንድ አስቆርጦ ቀመሰ። «ሰኞ በርሜልህን ይዘህ ና» አለው። እናቴ እልል አለች፤ እኔም ሞያሌ ቀረ ብዬ ግቢውን በሩጫ ዞርኩት።

እውነትም ቀረ። የሆቴል እንግዳ ግን ሥጋ የሚበላው በምሽት ነው። እኔ ከትምህርት ቤት ስገባ አባቴ ወጥቷል፤ ሲመለስ እኔ ተኝቻለሁ። ያኔ የፈራሁት የሚሄድበት አገር እንዳይርቅ ነበር፤ በባጃጅ የሚደረስበት ሐይቅ ዳርም አባት ሊወስድ እንደሚችል ማን ያስባል?