እሸት ይዘን አዋሽ ዳር

ትናንት ሃና፣ ትምህርት ቤታችን ውስጥ ኬሚስትሪ የምታስተምረው ልጅ፣ አንድ ፌስታል ዘይቱን ይዛ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ገባችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ዘይቱን ደብቀው የሚበሉት ነገር አይደለም፤ ሽታው ከመቅጽበት እስከ ኋለኛው መደርደሪያ ደረሰ። መምህራኑ ለሚመጣው ቅዳሜ አዋሽ ዳር ወጥተው ለመዋል ተስማምተዋል፤ የቀራቸው ምን ይዘው እንደሚሄዱ መወሰን ነው። «እርስዎ ያውቃሉ ብለውኝ ነው፤ በዚህ ሰሞን ገበያው ላይ ምን ደህና ነገር አለ?» አለችኝ። እኔን ግን ሽታው ይዞኝ ሄዶ ነበር።

ከአዳሚ ቱሉ አዳማ አክስቴ ቤት ስመጣ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። የአክስቴ ልጆች ጠዋት ጠዋት ደብተራቸውን ይዘው ሲወጡ እኔ እቀራለሁ። ክፋት አልነበረም፤ አክስቴ ቤት ያለ ሰው አይተውም ትል ነበር፣ ሰው የተባልኩት ደግሞ እኔ ነበርኩ። አንደኛ ክፍል የገባሁትም ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ የሚልበት ዕድሜ ላይ ከደረስኩ በኋላ ነው።

በዚያ ብዙ ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ ቀን ቀን የምንቀረው እኔና ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ነበርን፤ እሳቸው ልጆቻቸውን ድረው ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ድምፃቸው ጎርነን ያለ፣ እጃቸው ግን ለስላሳ የሆነ ሴት ነበሩ። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ፣ የአዳማ አቧራ ገና ሳይነሣና የዙሪያው ተራራ አረንጓዴ እንደሆነ፣ ግቢው በሙሉ አንድ ቀን አዋሽ ዳር ይውላል፤ የዚያን ቀን ነገር የሚያቅዱት እትዬ ዘይነባ ናቸው። ግማሻችን ክርስቲያን ግማሻችን ሙስሊም ስለሆንን ሥጋ አብሮን አይሄድም፤ ሁላችንም ከአንድ ትሪ እንድንበላ ከተፈለገ ምግቡ ከመሬት የበቀለ ብቻ መሆን አለበት። ስለዚህ እሳቸው ቲማቲም የሚመርጡት ሌላው ሰው ሰንጋ በሚመርጥበት ጥንቃቄ ነበር፤ ለመሸከም ይዘውኝ እየወጡ እኔንም አስተማሩኝ። የበቆሎው እሸት ቅጠሉ ገለጥ ተደርጎ ፍሬው በጥፍር ሲነካ ወተቱ ፊት ላይ ካልፈነጠቀ ይታለፋል። ቲማቲም የሚሸተተው ከግንዱ በተቆረጠበት በኩል ነው። ፓፓያ ደግሞ የሚገዛው ለዛሬ ሳይሆን ለሚበላበት ቀን ታስቦ፣ ገና ግማሹ አረንጓዴ እያለ ነው።

«አካም ቡልቴ» ብለው ሰላምታውን ሳይጨርሱ ክምሩን መገልበጥ ሲጀምሩ፣ ከዝዋይ በኩል የሚመጣው ነጋዴ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ያያቸዋል።

«እናቴ፣ ቲማቲም ነው የሚገዙት ወይስ ልጅ እየዳሩ ነው?»

«ለልጄ እንዲህ መርጬ ቢሆን ኖሮ ያንን አማች አላገኝም ነበር» ይሉታል፣ ቀና ሳይሉ።

እኔ ግን ሁለት ዓመት መርጬ፣ ተሸክሜ፣ አጥቤ፣ አንድም ጊዜ አብሬ አልሄድኩም። በሦስተኛው ዓመት የተከራየነው የጭነት መኪና በር ላይ ቆሞ፣ ሰዉ ሁሉ ተሳፍሮ፣ እኔ እንደተለመደው ደጃፉ ላይ ቆሜ ሳለሁ እትዬ ዘይነባ ከላይ ሆነው አዩኝ።

«እሷስ?»

«ቤት ትጠብቃለች፤ እሷ ደግሞ መኪና አትወድም» አለች አክስቴ። መኪና የተሳፈርኩት ከአዳሚ ቱሉ ስመጣ አንዴ ብቻ ነው።

«አትመጪም?» አሉኝ እኔን።

«እኔ ይቅርብኝ» አልኩ፤ ጨዋ ልጅ ሲጠየቅ እንደዚያ ነው የሚለው። ዓይኔ ግን መኪናው ላይ ነበር።

እትዬ ዘይነባ የፓፓያውን ቅርጫት አቅፈው፣ ሁለት ሰው ደግፏቸው፣ እያቃሰቱ ወረዱና ደጃፉ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። «እንግዲህ እኔም ይቅርብኝ። ፓፓያውም አይሄድም።»

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ከላይ አንዱ «ኧረ እትዬ፣ ፓፓያውን እንኳ ይስጡን» አለ፤ ሰዉ ሳቀ።

«በሞቴ ነይ በሏት» አሉ እትዬ ዘይነባ።

መኪናው ሙሉ ሰው በአንድ ድምፅ «በሞቴ ነይ» አለኝ። አክስቴ እየሳቀች ወርዳ በሩን ቆለፈችው። ለካ ቤቱ በቁልፍም ይጠበቅ ኖሯል።

የዚያን ቀን ወንዙ ገና ድፍርስ ነበር። እሸቱን በፍም ላይ ጠብሰን ከንፈራችን ጠቆረ፤ ቲማቲሙን በጨውና በቃሪያ በላነው፤ አንዱን ፓፓያ ዝንጀሮ ነጥቆን ዛፍ ላይ ወጣ፣ እትዬ ዘይነባም ዝንጀሮው የመረጠው ከሁሉ የበሰለውን መሆኑን አይተው አደነቁት። ቀኑን ሙሉ ቀሚሳቸውን እንደያዝኩ ዋልኩ።

እሳቸው ካለፉ ቆዩ። ግቢው ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል፤ ጎረቤቶቹ አንዳንዱ ዱከም፣ አንዳንዱ የማላውቀው አገር ነው። ገበያ ስወጣ ዛሬም ቲማቲሙን አሸታለሁ፤ የምገዛው ግን ለአንድ ሰው የሚበቃ ነው።

ለሃና ሁሉንም ነገርኳት፤ እሸቱን በጥፍር፣ ፓፓያውን ከሐሙስ ጀምሮ። ስልኳ ላይ እየጻፈች በጥሞና ሰማችኝና ስትነሣ «እርስዎስ አይመጡም?» አለችኝ።

«አይ፣ እኔ ይቅርብኝ። ቤተ መጻሕፍቱን ማን ይጠብቃል?» አልኩ፣ ፈገግ ብዬ። ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍቱ ዝግ ነው፤ እሷም ታውቃለች።

ሃና ደግ ልጅ ናት፤ የሰው ቃል ታከብራለች። «እሺ፣ እንዳሉ» ብላ አመስግናኝ ወጣች። እኔም የእግሯ ድምፅ ከኮሪደሩ እስኪጠፋ፣ ከጠፋም በኋላ ትንሽ፣ የከፈትኩትን መጽሐፍ ሳላነብ ተቀመጥኩ።