የመርፌና የእርሾ ጠብ

ልብስ ሰፊዋ የታመመች ጊዜ ዘመድ ሁሉ ድምፁን ቀነሰ። ድሮ በር ሳያንኳኳ እየጮኸ ይገባ የነበረው ሁሉ፣ አሁን በጣቱ እየረገጠ ይመጣና አልጋዋ ጫፍ ላይ ቂብ ብሎ ፊቱን ያጨማድዳል። የበሽታውን ስም የሚደፍር የለም። "ያ ነገር" ይሉታል፤ ስሙን ከጠሩት ተከትሏቸው ቤታቸው የሚገባ ይመስል።

"ካንሰር ነው፣ ካንሰር!" ትላቸዋለች። "አትፍሩ፣ እኔን ይዞ ሥራ በዝቶበታል። እናንተ ጋ የሚመጣበት ጊዜ የለውም።"

"ኧረ ክፉ አታውሪ!" ትላለች ታላቅ እህቷ፣ ልታስታምማት ፍራሿን ይዛ የመጣችው።

አንዷ ነጭ ሽንኩርት በማር ታዝዝላታለች። ሌላዋ በዚሁ በሽታ ስለሞተች የባሏ አክስት አንድ በአንድ ትተርክና "እሷ ግን እንዳንቺ ጠንካራ አልነበረችም" ብላ ታጽናናታለች። ሲመሽ ሁሉም ሰዓቱን አይቶ ውልቅ ይላል። አይዞሽ ባይ የሚገኘው ቀን ቀን ነው።

እንቅልፍ ደግሞ ከተዋት ቆይቷል። መድኃኒቱ ሰውነቷን ያነደዋል፤ ወደ ግራ ብትዞር ወገቧ፣ ወደ ቀኝ ብትዞር የጡቷ ጠባሳ አላስተኛ ይላታል። እህቷ እዚያው ክፍል ውስጥ ታንኮራፋለች፤ በማግሥቱ ለጠያቂ "ሌሊቱን ዓይኔን ሳልከድን አደርኩ" የምትለው ግን እሷው ናት። ልብስ ሰፊዋ ሞትን ትፈራለች፣ አልዋሸችም። ይበልጥ የምትፈራው ግን እስኪነጋ ድረስ ብቻዋን ከሱ ጋር ተፋጣ መቀመጡን ነበር።

ከራስጌዋ ግድግዳ ማዶ ጡረታ የወጣ ዳቦ ጋጋሪ ይኖራል። ግድግዳው ስስ ጣውላ ነው፤ አንዱ ሲያነጥስ ሌላው "ይማርህ" ለማለት ይበቃል። እነሱ ግን አይባባሉም፤ ደመኞች ናቸው። ጋጋሪው ዕድሜውን ሙሉ ሌሊት ሲሠራ አድሮ ጧት ጋደም ሲል፣ እሷ የስፌት መኪናዋን ግድግዳው ሥር ተክላ ታንደቀድቀዋለች። እሱ ዳቦ ከምድጃ በሚያወጣበት ረጅም እንጨት ጣውላውን ይነርተዋል፤ እሷ ይባስ ብላ ትረግጠዋለች። ስለ ምላሷ "መርፌ" አላት። እሷም ቶሎ ኩፍ ስለሚል "እርሾ" አለችው።

አንድ ሌሊት ከማዶ ሬዲዮ ሰማች። ሰውየው ጡረታ ቢወጣም ዓይኑ ጡረታ አልወጣም ነበር፤ ሌሊት መንቃቱ ለምዶበታል። መጀመሪያ ተናደደች። ቀጥሎ የበቀል ቀኗ እንደደረሰ ገባትና ጫማዋን አንስታ ጣውላውን ደበደበችው።

"አንተ እርሾ! ሰው ይተኛበት!"

ሬዲዮው ጠፋ።

"መርፌ? አለሽ እንዴ? አለቀላት ብለውኝ እኮ ነበር።"

"አንተን ሳልቀብር? ምን አስቸኮለኝ!"

ማዶ ያለው ሰው ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ጠባሳዋን አመማት፣ ግን ከታመመች ወዲህ እንደዚያ የጣማት ሕመም የለም። ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይሄው ነው።

ከዚያ ወዲያ ሌሊቱ ሰው አገኘ። ሲሰዳደቡ ያድራሉ። ሕመሙ ጠንቶባት ስድብ ሲያልቅባት እሱ ከትንፋሿ ያውቃል፤ ያኔ የድሮ ዳቦ ቤቱን ያወራላታል። "አሁን ሊጡ ተቦክቶ አለቀ" ይላል። "አሁን ምድጃው ተለኮሰ። ያ ሰነፍ ባልደረባዬ የዱቄት ከረጢት ላይ ተጋድሟል፤ ሂጂና ቀስቅሽው።" ሊነጋጋ ሲል "ዳቦው ወጣ" ይላል፣ እሷም ትንሽ ትተኛለች።

አንዴ "እርሾ፣ ፈራሁ" አለችው።

"ፍሪ" አላት። "ማን ከለከለሽ? እኔ እንደሁ እዚሁ ነኝ።"

አይዞሽ አላላትም። ለዚህም ወደደችው፤ ወደድሽው ቢሏት ግን ሞቼ ልገኝ ባይ ናት።

ጥፋቱ የመጣው ከእህት ነው። ደግ ሰው የሚያጠፋውን ክፉ ሰው አይችለውም። አንድ ሌሊት ነቅታ "ድንቄም ጋጋሪ!" "አንቺ ዝገት!" ሲባባሉ ሰማችና ክው አለች፤ እህቴ ቂም እንደያዘች ልትሞትብኝ ነው ብላ። በማግሥቱ ጋጋሪውን እጁን ይዛ አመጣችው። ኮት ለብሷል፤ ጸጉሩን በውኃ አጣብቆ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዟል። ለወራት በድምፅ ብቻ የሚያውቃትን በሽተኛ ያኔ አያት፤ ጸጉር የላትም፣ ክንዷ አጥንት ብቻ ቀርቷል። ፊቱ ተለዋወጠ።

"ይቅር ይበሉኝ እትዬ" አለ። "ይህን ያህል መሆኑን አላወቅሁም። ከእንግዲህ አልረብሽዎትም።"

"እትዬ?" አለች ልብስ ሰፊዋ።

የሰማት የለም። እህቷ እንባዋን እየጠረገች ታቃቅፋቸው ነበር።

እርቅ ደም ያደርቃል ይባላል። የሷን ግን ሌሊቷን አደረቀባት። ሬዲዮ የለም፤ የጋጋሪው ሳል እንኳ ትራስ ውስጥ ታፍኗል። በጫማዋ ስታንኳኳ የለሰለሰ ድምፅ መለሰላት፦

"ይተኙ እትዬ፣ ዕረፍት ያስፈልግዎታል።"

እርሾ ተነነ፣ በሱ ቦታ አንድ ሌላ ጠያቂ ተጨመረባት። ያን ሌሊት ሊጥ አልተቦካም፣ ዳቦም አልወጣም። ሐኪሙ የበሽታዋን ስም ሲነግራት ያላለቀሰችውን ልቅሶ ያኔ አለቀሰች። እህቷ አንኮራፋች።

በማግሥቱ ቀትር ላይ፣ ጋጋሪው በሚተኛበት ሰዓት፣ ከአልጋዋ ወረደች። እህቷ ለጠያቂ ቦታ ይልቀቅ ብላ ጥግ ያስገባችውን የስፌት መኪና እየገፋች ግድግዳው ሥር አደረሰችው። ክር የለውም፣ ጨርቅም አላደረገችበትም። ተቀምጣ መርገጥ ጀመረች።

"ምን ሆነሻል?" ብላ እህቷ ከጓዳ ሮጠች። "በዚህ አቅምሽ ምን ልትሰፊ ነው?"

"የቀደድሽውን።"

ላቧ ተንጠፈጠፈ። ከማዶ ኮሽታ የለም። ሰውየው ጨዋ መሆኑ የምር ሳይሆን አይቀርም ብላ ልቧ ሸሸ። ደግማ ረገጠች። እግሯ ሊከዳት ሲል ረጅሙ እንጨት ግድግዳው ላይ አረፈና ጣውላው ከላይ እስከ ታች ተንጓጓ።

"አንቺ መርፌ! በሽታ እንኳ አደብ አያስገዛሽም? ሰው ይተኛበት!"

ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከመርገጫው አነሳች። ፊቷ በርቶ ወደ እህቷ ዞረች።

"በይ ደግፊኝ፣ ጋደም ልበል" አለቻት። "ማታ ዳቦ እንጋግራለን።"