የዳነው ፔዳል

ሐቢባ መጀመሪያ ያየችው ጫማውን ነው። የግራው ደህና ነው፤ የቀኙ ሶል ግን ጫፉ ላይ ሳስቶ ወረቀት አክሏል። ባለጫማው ኣርኣያ በአስመራ የማይ ተመናይ መስመር አውቶቡስ ይነዳል፤ "ነዳጅ ሲረግጥ ነው" ብላ አለፈችው።

እሱ ግን ሌላ የሚረገጥ ነገር ከጋዜጣ ጥቅል አወጣ፤ ቀለሙ የተላላጠ ትንሽ የብረት ሳጥን፣ የጊታርን ድምፅ የሚለውጥ ፔዳል። በወጣትነቱ ከአንድ የቃኘው ጦር ሠፈር አሜሪካዊ ወታደር ገዝቶ በሆቴል ባንድ ሲጫወትበት ቆየ፤ የደርግ ሰዓት እላፊ ጭፈራውን ሲያጠፋው ልብስ ሥር ቀበረው። ነፃነት ከመጣ ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ እሁድ ልጁን ኣብርሄትን ይድራል። በዚያ በድሮው ድምፅ ሊጫወትላት ቃል ገብቷል፤ ፔዳሉ ግን ትንፍሽ አይልም።

ሐቢባ ከወሎ መጥታ ሬዲዮ መጠገን ከባሏ የተማረች ናት። በሱቋ ሬዲዮ ሲንኮሻኮሽ ይገባል እንጂ ሲንኮሻኮሽ አይወጣም። የተበጠሰውን ሽቦ በየደች። ስትሞክረው ፔዳሉ እንደ ንብ ቀፎ ጮኸ።

"ይሄም ሕመም ነው" አለችና ድምፁን የሚያጎሉትን ሁለት አሮጌ ትራንዚስተሮች ቀይራ ውስጡን እንደገና ሠራችው። ድምፁ እንደ ምንጭ ውኃ ጠራ።

ቅዳሜ ኣርኣያ መጥቶ ጊታሩን ሰካ። አንዴ መታ። ደግሞ መታ። ፊቱ ጠወለገ።

"ሐቢባ ሓፍተይ፣ ጩኸቱ የት ሄደ?" አላት፣ በትግርኛው እህቴ ብሎ።

"አዳንኩልዎ እኮ፣ አያ ኣርኣያ።"

"የገዛሁት ለጩኸቱ ነበር።"

ሐቢባ አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። "ሰው ብልሽት በገንዘቡ ይገዛል?"

"ይገዛል። ፔዳሉ ደግሞ ቅምጥል ነው። ምጽዋ ስንወርድ በሙቀቱ ይለግማል፤ የአስመራን ብርድ ሲያገኝ ያብዳል።"

ሐቢባ ከዕቃ ያወጣችውን ሁሉ ለባለቤቱ ትመልሳለች፤ ሰረቀች እንዳትባል። ሁለቱ ትራንዚስተሮችም በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ተጠቅልለው ይጠብቁት ነበር። ፈታቻቸውና፣ ዕድሜዋን ብልሽት ስታወጣ የኖረች ሴት፣ ብልሽቱን በገዛ እጇ መልሳ በየደችው።

ኣርኣያ መታ። ድምፁ ሻካራ ነው፣ እንደ ጎረምሳ ጉሮሮ፤ ግን ከሥሩ ማር አለበት። በመንገዱ የሚያልፉ ሁለት ሴቶች ቆሙ። የሐቢባ ጆሮ አልወደደውም፤ ትከሻዋ ግን እሷን ሳያስፈቅድ እስክስታ መታ።

"የቐንየለይ" ብሎ አመሰገናት ኣርኣያ። "ነገ እንዳትቀሪ። ድንገት ከዳነብኝ የሚያሳምምልኝ ሰው ያስፈልገኛል።"

ጊታሩን አዝሎ፣ ፔዳሉን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ፌርማታው ወረደ። አረማመዱን ላየው፣ ነገ የሚዳረው እሱ ይመስል ነበር።