ለስላሳው የፍሬን ሸራ

እናቴ በሞተር እንደምትሄድ ከሁሉም ሰው በኋላ ያወቅሁት እኔ ነኝ። ሞተር ላይ እንዳትወጣ በማርያም ያስማልኳት እኔ ነኝ። ከወንድሜ ጀርባ ተቀምጣ በሳምንት ሁለቴ የሱሉልታን ቁልቁለት ስትወርድ ሞተሩን የሚያቆመውን የፍሬን ሸራ የሸጥኩትም እኔው ነኝ። ወንድሜ ሸራ ሊገዛ ሦስት ጊዜ መጣልኝ። ሦስቱንም ጊዜ አሮጌውን ሸራ ተቀብዬ አገላብጬ አይቼዋለሁ።

ቡራዩ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ የሞተር መለዋወጫ እሸጣለሁ። ከዚያ በፊት ሰበታ ነበርኩ፤ እዚያም ያው ነው ሥራዬ። ደንበኛ የፍሬን ሸራ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምለው «አሮጌውን አምጣ» ነው። ሞተርህ ምን ዓይነት ነው ብትለው «ቀዩ ነው» ይልሃል። አሮጌውን ካመጣ ግን መጠኑን አያለሁ፣ ቀዳዳውን አያለሁ፣ እግረ መንገዴን ሰውየውንም አያለሁ። የኋላው አልቆ የፊቱ ገና አዲስ ከሆነ፣ የፊት ፍሬን ይጥለኛል ብሎ የሚፈራ ነው። አንዱ ሸራ ተበልቶ አንዱ ደህና ከሆነ የሚገፋው ፒስተን ዝጓል። ሁለቱም ተቃጥለው ከጠቆሩ፣ ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ ቁልቁለቱን በፎሌ የሚለቀው ነው፤ ይህን ዓይነቱን አጥብቄ እመክራለሁ፣ እሱም አጥብቆ ይሰማኝና በፎሌ ይሄዳል። ሰበታ እያለሁ አንዱን የፋብሪካ ጥበቃ ከሸራው ብቻ ተነስቼ «ሚስትህ ወፍራለች» ብዬው ሊደባደበኝ ነበር። ኋላ ስሰማ ነፍሰ ጡር ኖራለች።

እንዲህ ነበርኩ። በዚህ እኮራ ነበር።

እናቴን ያስማልኩበት ምክንያትም ከሱቁ የመጣ ነው። አንድ ቀን አንድ ሰው የተጣመመ የኋላ ጎማ ተሸክሞ መጣ። የጎማው ሽቦ ላይ ነጠላ ተጠምጥሟል፤ ነጭ አልነበረም። ከኋላው ማን እንደነበረ አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም። በዚያው ሳምንት እሁድ ሱሉልታ ሄድኩና እናቴን ወንድሜ ሞተር ላይ እንዳላይሽ አልኳት።

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሞተር ላይ ወጥቼ ምን ልሠራ? ልፎክር?» አለችኝ።

ማይልኝ አልኳት። ሳቀችብኝ፤ ከዚያ ደግሞ ስታየኝ ቀልድ እንዳልሆነ ገባት መሰለኝ፣ «ማርያምን አልወጣም» አለች።

ወንድሜ የቤታችን የመጨረሻ ልጅ ነው። እኔ ገበያውን ሳሳድድ እሱ የአባታችን መሬት ላይ ከእናታችን ጋር ቀረ፣ እዚያው አገባ፣ እዚያው ወለደ። ላሞች አሉት፤ ጠዋት ጠዋት ወተት ጭኖ በሞተር ወደ ከተማ ይወርዳል። ሸራ ከገጠምኩለት ከክረምት እስከ ክረምት ያደርሰው ነበር። ምክንያቱም ሁልጊዜ የምሰጠው ጠንካራውን ነው፤ ብረት የተቀላቀለበትን። ጠንካራው ትንሽ ይጮሃል፣ ሲይዝም ቀጥ አድርጎ ነው፣ ግን ዕድሜ አለው። ለስላሳው ድምፅ የለውም፣ አያያዙም እንደ ሰው እጅ ነው፤ ችግሩ ቶሎ ያልቃል።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ መጣና ለስላሳውን ስጠኝ አለ።

«ለስላሳው ሜዳ ላይ ለሚንሸራሸር ነው» አልኩት። «አንተ ቁልቁለት ነው የምትወርደው፤ በሁለት ወር ይበላል።»

«ይበላ፣ ጋሼ።»

«ምን ሆነህ ነው? ጠንካራው ምን አደረገህ?»

«ሲይዝ ይነጥራል። ለስላሳው ሲያቆም አይታወቅም።»

«እንቁላል መጫን ጀመርክ እንዴ?»

«እንደዚያ በለው» አለና ሸራውን ኪሱ ከተተ።

ነጋዴ ቶሎ የሚያልቀውን ልግዛ ብሎ ከሚለምነው ሰው ጋር ብዙ አይከራከርም። ሸጥኩለት።

ሁለተኛው ጊዜ ዐቢይ ጾም ነበር። እንዳልኩት ሁለት ወር ነው የቆየው። አሮጌውን ተቀብዬ በር ላይ ወጥቼ በብርሃን አየሁት። የኋላው ከፊተኛው ይልቅ ሳስቷል። አበላሉ ግን እንደ ሌላው ሰው አልነበረም፤ ከዳር እስከ ዳር እኩል፣ እንደ መስታወት የለዘበ። እንዲህ የሚሆነው ከሩቅ ጀምሮ፣ ቀስ ብሎ፣ ሁልጊዜ ቀስ ብሎ የሚይዝ ሰው ሲነዳ ነው።

አጠገባችን ሁለት ደንበኞች ነበሩ። ዕውቀቴን ላሳያቸው ፈለግኩ።

«ከኋላህ ሰው ትጭናለህ» አልኩት። «ሃምሳ ኪሎ የማትሞላ። ሚስትህ አይደለችም፤ ሚስትህን አውቃታለሁ። እንደ ብርጭቆ ነው የምትይዛት። ማናት?»

ደንበኞቹ ሳቁ። ወንድሜ መሬት መሬት አየ። ያፈረ መሰለኝ። ሰዎቹ እስኪሄዱ ጠበቅኩና ቁጭ አድርጌ መከርኩት። ልጆች አሉህ፣ ሱሉልታ ትንሽ ከተማ ናት፣ እናታችን ብትሰማ ምን ትላለች አልኩት። ሲነሳ «እሺ ጋሼ» ብቻ አለ። ያን ምሽት ለሚስቴ እንዴት አድርጌ እንደደረስኩበት እየተረትኩላት ራት በላሁ።

በማግስቱ እሁድ ሱሉልታ ሄድኩ። እናቴ ከስታለች። ምነው ስላት «ጾም ነው» አለች፤ ጾምም ነበር። ሰው ሲዋሽ ከድምፁ የማውቅ ነጋዴ ነኝ፤ ግን እውነት ተቀላቅሎበት ሲመጣ እኔንም ያልፈኛል። ስንጫወት ወንድሜን በነገር ልወጋው ብዬ፣ «ይሄን ልጅሽን ያዥው፣ ከኋላው አንዲት ቀጭን ሴት ጭኖ ሲዞር ደርሼበታለሁ» አልኳት። እናቴ ሳቀች። በጣም ሳቀች፣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ወደፊት እስክትደፋ ድረስ። ወንድሜ ብድግ ብሎ ወጣ። እኔ አብሬያት ሳቅኩ፤ ሆዷን ያስያዛት ሳቁ መስሎኝ ነበር።

ሦስተኛው ሰኔ ላይ ነው። ዝናቡ ጀምሯል። ወንድሜ የኋላው ፍሬን ይከረክራል ብሎ ሞተሩን ራሱን ይዞ መጣ። ጎረቤቴ ያለው መካኒክ ስላልነበረ በርጩማ ስቤ እኔው ቁጭ አልኩ። ሸራውን የያዘውን ብሎን ፈታሁ፣ ሸራው ወጣ። አበላሉ እንደ ባለፈው ነው። ከዚያ ዲስኩና ጎማው መካከል ክር አየሁ። በጭቃ ጠቁሯል፤ በካቻቢቴ ጫፍ ስስበው ረዘመ። ጫፉን በቤንዚን ጠረግኩት፣ አረንጓዴ ሆነ። ጠብ ጠብ ያለ ወርቃማም አለበት።

ያን የነጠላ ጥለት ለእናቴ መርካቶ ሄጄ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ለፋሲካ ነበር የሰጠኋት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ክሩን እጄ ላይ አየው፣ እኔንም አየኝ።

«አዮ ናት» አለ። ቤታችን ውስጥ እናታችንን የምንጠራት እንደዚያ ነው።

ቀስ በቀስ ነገረኝ። ከገና በፊት ሆዷ ውስጥ እብጠት ተገኘባት። በሳምንት ሁለቴ ከተማ ሆስፒታል መድረስ አለባት። መጀመሪያ በሚኒባስ ሞከሩ፤ አስፋልቱ ድረስ መራመዱ፣ ሰልፉ፣ ተጨናንቆ መቀመጡ፣ ሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ አውርዳችሁ ጣሉኝ ብላ አለቀሰች። ያን ጊዜ ነው ሞተሩን ራሷ የጠየቀችው። መጀመሪያ ቀን ጠንካራው ሸራ ቀጥ ባለ ቁጥር ሕመሙ ይነሳባት ነበር፤ ለዚያ ነው ለስላሳውን የፈለገው። መሐላውን ስለማፍረሷ ለንስሐ አባቷ ተናግራለች። ለእኔ እንዳይነግረኝ ግን እሱንም አስማለችው።

«ይጨነቃል አለችኝ፣ ጋሼ። አንተ የምታደርገውን ታውቃለህ፤ እሱ ግን የሌላውን ሰው ጎማ ሲያይ ነው የሚውለው አለችኝ።»

«ቁጭ አድርጌ ስመክርህስ?»

«ምን ልበልህ?» አለ።

አልጮህኩም። ሰው የሚጮኸው ጥፋቱ የሌላ ሰው ሲሆን ነው። ሥራዬን ጨረስኩ። ፒስተኑን ወደ ውስጥ ገፋሁት፣ ዲስኩን በብርጭቆ ወረቀት ወለወልኩት፣ ቅባት እንዳይነካው በቤንዚን አጠብኩት፣ ከመደርደሪያው ያለኝን ለስላሳ ሸራ ሁሉ አውጥቼ አንድ በአንድ በጥፍሬ ሞክሬ የተሻለውን ገጠምኩ። ፔዳሉን እግሬ ሥር እስኪጠነክር ደጋግሜ ረገጥኩት። ከዚያ ሱቁን ዘግቼ ወንድሜን ከኋላዬ አስቀመጥኩና ሱሉልታ ሄድን።

እናቴ ደጃፍ ላይ ነበረች። ሁለታችንን አንድ ሞተር ላይ ስታይ ገባት።

«ማርያም ይቅር ብላኛለች» አለች። «አንተም ተከተላት።»

ሐሙስ ቀጠሮ ነበራት። እኔ እወስዳታለሁ አልኩ። መኪና ልከራይ ብል እንቢ አለች፤ መኪና ውስጥ ሽታው ያስታውካታል። ነጠላዋን አጣጥፌ የወንድሜን ጃኬት ደረብኩላትና ዚፑን እስከ አገጯ ዘጋሁት። ከኋላዬ ስትቀመጥ ሞተሩ ዝቅ ማለቱ አልታወቀኝም። ከሃምሳ ኪሎ በጣም ታንሳለች፤ ሰው ፊት የኮራሁበት ግምት እንኳ ስህተት ነበር።

ቁልቁለቱን ጀመርን። ከባድ መኪኖች በጎናችን ያልፋሉ። ገና ኩርባው ሲታየኝ ፍሬኑን እነካለሁ፣ ትንሽ እለቃለሁ፣ እንደገና እነካለሁ። ሃያ ዓመት ፍሬን ሸጬ ፍሬን መያዝ የተማርኩት ያን ቀን ነው። እጇ ወገቤ ላይ ነበር። በየኩርባው ጆሮዬ ሥር «ሱታ፣ ሱታ» ትለኛለች፤ ልጅ ሆነን ውኃ ተሸክመን ስንመጣ ቀስ በሉ የምትለን በዚያው ቃል ነበር። ከታች ስንደርስ ቆምኩና ዞር ብዬ አመመሽ ወይ አልኳት።

«ወንድምህ ይሻላል» አለችኝ። ጃኬቱን እያስተካከለች፣ «አንተም ትለምደዋለህ» አለች።

አልለመድኩትም። ያን ዕለት ሐኪሙ እኔንና በሚኒባስ የተከተለንን ወንድሜን ለብቻ ጠርቶ፣ ከእንግዲህ እየተመላለሰች አትድከም፣ ቤቷ ትሁን አለን። ስንመለስ ዳገት ነው፤ ፍሬን አያስፈልግም። ከመስቀል በፊት ቀበርናት።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ሱሉልታ ስሄድ ወንድሜና እኔ ስለ ላሞቹ እናወራለን። ስለ ሸራው አንስተን አናውቅም ነበር። ጥር ላይ፣ ለስላሳውን መጀመሪያ ከጠየቀኝ ዓመት ሊሆነው ሲል፣ ሱቅ መጣ። ሞተሩን አቁሞ ባንኮኒው ላይ ተደገፈ።

«ጠንካራውን ግጠምልኝ» አለ።

ወርጄ አየሁለት። ሰኔ ላይ የገጠምኩት፣ በሁለት ወር ይበላል የምለው ለስላሳ ሸራ ከግማሽ በላይ አለ፤ ብቻውን ሲሆንም እሷን እንደጫነ ቀስ ብሎ ነው የሚይዘው። የኋላውም ከፊተኛው ጋር እኩል ነው። ከኋላ ማንም እንደማይቀመጥ ለማወቅ እኔን መሆን አያስፈልግም።

«ገና ነው» አልኩት። «ብዙ ይሄዳል።»

«ለወተት ለስላሳ ምን ያደርጋል? ጠንካራውን ሽጥልኝ።»

«አልሸጥልህም።»

ቀና ብሎ አየኝ። ደንበኛን አትግዛ ብዬ የማላውቅ ሰው መሆኔን ከሁሉም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

«እስኪያልቅ ንዳው» አልኩት። «ሲያልቅ አሮጌውን አምጣልኝ።»

ሞተሩን አስነስቶ ወጣ። አስፋልቱ ጋ ሲደርስ መኪና ለማሳለፍ እንደሚያቆም አውቃለሁና በሩ ላይ ቆሜ ጆሮዬን ጣልኩ። ቆመ፣ መኪናው አለፈ፤ ወንድሜም ታጥፎ ሄደ። ሲያቆም አልሰማሁትም።