የአልጣሽ ደቦና ሦስቱ ዕጩዎች

ከአሸተን ማርያም ተራራ ሥር፣ ጉም ሲገለጥ ቀድማ የምትታይ ቁራጭ ማሳ የአልጣሽ ናት። ባሏን በድርቁ ዓመት የቀበረችው ይህች ሴት ጉልበት የላትም፤ ድምፅ ግን ተርፏት ለአገር ይበቃ ነበር። ለአጨዳም ለአረምም ደቦ ሲጠራ አውራጇ እሷ ናት። ግጥሙን ታወርዳለች፣ ሰዉ ይቀበላል፣ እጅም ዜማውን ተከትሎ ይሮጣል።

በ1979 ግንቦት ግን የሷን ገብስ የሚያርም ጠፋ። ሰዉ ሰንፎ አይደለም፤ ቀኑን ስብሰባ በላው። የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ደረሰ ተብሎ ገበሬው ጠዋት አዳራሽ ይገባል፣ ሲወጣ ፀሐይ አጋድላለች። ያቺን የበልግ ገብስ ስናርና ሙጃ አንቆ ያዛት። በዚያ ሳምንት ካልታረመች አልጣሽ ዘሯንም አትመልስ።

ታዲያ ታፈረ የሚባል ወጣት ካድሬ ከወረዳ መጣ። ሥራው ሕዝቡ ከሦስቱ ዕጩዎች ወደ ማን እንዳዘነበለ ከምርጫው በፊት አጣርቶ ለአለቆቹ መንገር ነው። ዕጩዎቹ የሚታወቁት በምልክት ነው፤ ዝሆን፣ ቀጭኔና ጎሽ። ቀጭኔ በላስታ ያየ የለም። የአልጣሽ ጎረቤት አመተ ማርያም ሥዕሉን አይታ፣ ምን ያለ በሽታ ነው ግመሉን እንዲህ ያሳከከው ብላ አዘነች።

ታፈረ ዝሆንን የምትደግፉ እጅ አውጡ ቢል አዳራሹ በሙሉ አወጣ። ለቀጭኔም በሙሉ፣ ለጎሽም በሙሉ። ምን ማለታችሁ ነው ብሎ የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር አያ ሙሉሃብትን ቢጠይቃቸው፣ ረጋ ብለው፣

«ጓድ፣ ሦስቱም የሰው ልጆች ናቸው። ስማቸው ተጠርቶ እጅ ብንነፍጋቸው ነውር አይሆንም?» አሉት።

አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ አልጣሽ መንገድ ላይ ጠበቀችው። የሰው ልብ አዳራሽ ውስጥ እንደማይገኝ፣ ያለው ደቦ ላይ እንደሆነ አስረዳችው። እሷ ለሦስቱም ተራ በተራ ታወርዳለች፤ ሰዉ ለማን ሞቅ አድርጎ እንደሚቀበል እሱ ያዳምጣል። በማን ማሳ ላይ ይሁን ቢላት፣ ገና አሁን ትዝ እንዳላት ሁሉ ዓይኗን ወደ ተራራው ሰድዳ፣ «የኔዋ አለች» አለችው። የማክሰኞው ስብሰባ ቀርቶ ደቦ ሆነ።

ማክሰኞ ሰዉ በመስመር ገባ፣ ታፈረ ከዳር ቆመ። አልጣሽ ዝሆንን አሞገሰች፤ የተቀበላት ከአራት ሰው አይበልጥም፣ እጆችም ዘገዩ። ቀጭኔን አነሣች፤ አንዱ አሳለው፣ ሌላው ወገቡን ያሽ ጀመር። ወረዳው የሚወደውን ጎሽን ስትጠራ ማሳው ጭር አለ፤ አያ ሙሉሃብት ሳይቀሩ እግሬን እሾህ ወጋኝ ብለው ቁጭ አሉ። ታፈረ የፈለገውን አገኘ፤ ፊቱም አመድ መሰለ። የአልጣሽ ልብ ደግሞ በሌላ ደነገጠ፤ እኩለ ቀን አልፏል፣ ከማሳዋ ግማሹ እንኳ አልታረመም።

በዚያ አገር ደቦ ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው፣ ገብቶ እስኪያጎነብስ ይዘፈንበታል። እስካሁን ካድሬ ነው ተብሎ ተፈርቶ ነበር። አልጣሽ ጉሮሮዋን ጠረገች፤

ከዳር የቆመው ጓድ ምኑን ይቆጥረዋል፣
ጎንበስ ቢል አረሙ ስሙን ይነግረዋል።

ማሳው በሳቅ ፈነዳ። ተቀባዩ ድምፁን ለቀቀው፣ ሙጃውም ከነሥሩ ይበር ጀመር።

ጫማው የሚያበራ እጁ ያልሻከረ፣
ከደቦ ያልገባ ከማን ተማከረ?

ታፈረ ዙሪያውን ቢያይ መሸሻ የለም። ጫማውን አውልቆ ገባ፤ ገብሱን እየነቀለ ስናሩን ሲያተርፍ አመተ ማርያም እየሳቀች እጁን ይዛ ታሳየው ነበር። እሷ ስትስቅ እሱም ሳቀ። ያ ዜማ፣ ያ ከተራራው ተጋጭቶ የሚመለስ ድምፅ፣ ሰውን ሁሉ አንድ ወገብ አድርጎ አጎነበሰው።

ሊመሽ ሲል ማሳው ጠራ። ታፈረ ወገቡን ይዞ ቀና አለ።

«እትዬ አልጣሽ፣ ለወረዳ ምን ልበል?»

«ለሦስቱም ተዘፈነላቸው ይበሉ። ውሸት የለበትም።»

«ተቀባይ ነበራቸው ወይ ቢሉኝስ?»

አልጣሽ ጠላውን እየቀዳች ዓይኗን ከገብሷ አልነቀለችም።

«እሱን እርስዎ ሲያርሙ ስለነበር አልሰሙም» አለችው።